ተናጋሪዋ ሳጥን
ወደ ኤድመንተን በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ከፊቴ አንዲት እዚሁ ውጭ አገር የተወለደች ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። አጠገባቸው የቆመ የኛ አገር ሰው ልጅቷ ጉልበት ላይ ሽቦዋ የሚታይ የተፈታች ሳጥን አይቶ ወሬ ጀመራት።

“ሳጥኗ ምን ሆና ነው፣ እህቴ?”

“እናቴ ጉሮሮዋን ኦፕሬሽን ካደረገች ወዲህ ድምፅ የላትም። በዚህ ነበር የምታወራኝ፤ ላዩ ላይ ያለውን ስዕል ስትጫን በአማርኛ ይናገራል።”

“ታዲያ?”

“ካምፓኒው አፕዴት ማድረግ አቆመ። በነፃ የሚገኝ ኦፕን ሶርስ ፈርምዌር፣ ማለት አዲስ የውስጥ ፕሮግራም ስጭንበት ግማሽ ላይ ቀጥ አለ።”

“በዩኤስቢ የሚሰካ ዲበገር የሚባል መመርመሪያ ፈልጊ። የት ላይ እንደቆመ ያሳይሻል።”

“ደህናው ውድ ነው። ከኪልበርን ገበያ ርካሽ ገዛሁ።”

“ስንት ቮልት?”

“አምስት።”

“ኧረ! ይሄ ቦርድ የሚችለው ሦስት ገደማ ነው። ቼክ አላደረግሽም?”

“ሰካሁት።”

“ከዚያስ?”

“የተቃጠለ ሸተተ።”

“እግዚኦ! በጽሑፍስ አትግባቡም?”

“እኔ የአማርኛ ፊደል አላውቅም፣ እሷ ኢንግሊሽ አታውቅም።”

“የማሽን ቋንቋ ተምረሽ የእናትሽ ፊደል አቃተሽ?”

እናቷ ጉም በለበሰው መስኮት ላይ በጣታቸው “ተዪው፣ በቃኝ” ብለው ጻፉ።

“ምን አለች?” አለችው ልጅቷ።

ሰውየው መስኮቱን አየና ወደ ልጅቷ ዞረ።

“‘በርቺ’ ነው የሚሉሽ።”

ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ምነው ባልተማርኩ አልኩ።