የጋሽ ባንታየሁ ጣውላና የምርቃት ጠመኔ

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ናይሮቢ ውስጥ ኢስትሊ ሰፈር ላይ ድንገተኛ ዝናብ ወረደ። ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ የወረደች አንዲት ወጣት ቦርሳዋን በራሷ ላይ ደፍታ ስትሮጥ፣ ቀድማ ያገኘችው ክፍት በር የአናጺው የጋሽ ባንታየሁ ነበርና ዘው ብላ ገባች። እርሳቸውም ሰጋቱራውን ከአግዳሚው ላይ ጠርገው አስቀመጧት።

ጋሽ ባንታየሁ እንግዳ ይወዳሉ፤ በዚያን ቀን ግን ልባቸው ሥራው ላይ ነበር። የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ናይሮቢ ለተወለዱ ልጆቻቸው የአማርኛ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲመክሩ፣ ጋሽ ባንታየሁ «ወንበሩን ሁሉ እኔ እሠራለሁ፤ ያውም ሰው ከጣለው የሳጥን እንጨት፤ አንዲት ጣውላ አልገዛም» ብለው በጉባኤ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ሳጥኑን የሚሰጧቸው ከሞምባሳ ሳህንና ብርጭቆ የሚያስመጡት ጎረቤታቸው አቶ ኑሬ ናቸው። ታዲያ የወንበሩ ሢሶ ሳያልቅ ረጃጅሙ ጣውላ ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር። አቶ ኑሬም ጠዋት ጠዋት በበሩ ሲያልፉ፣ «ባንታየሁ፣ ለልጆቹ ምንጣፍ ላዘጋጅ ወይ?» ይሏቸዋል። ቀልድ ነው፤ ግን ያማል።

ልጅቱ ምርቃት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ናት። ሽማግሌው አንድ ረጅም ጣውላ አጋድመው በመጋዝ መቆራረጥ ሲጀምሩ ዝም ማለት አቃታት።

«ሶሪ ጋሼ፣ ይህን የሚያህል ጣውላ ለእግር ነው የሚቆርጡት?»

«ለእግር ካልሆነ ለምን ልቁረጠው ታዲያ? እግሩ ያልጠና ወንበር ወንበር አይባልም። ደህና እንጨት የሚገኘው ከረጅሙ ነው፤ ያሠለጠኑኝም እንዲህ ብለው ነው።»

«እነዚያስ?» አለች፣ ጥግ የተከመረውን አጫጭር ጣውላ እያየች።

እነዚያማ፣ አሏት፣ መንገድ ዳር በቆሎ ለምትጠብሰው ሴት ማገዶ ናቸው። ምርቃት የምትማረው ትምህርት ኦፕሬሽንስ ሪሰርች እንደሚባል ነገረቻቸው። ያለን ነገር ውስን ሲሆን፣ የትኛውን ለየትኛው ብናውለው ለሁሉም እንደሚዳረስ አስቀድሞ በሒሳብ መፈለግ ነው አለች።

ጋሽ ባንታየሁ ሳቁ። «አባትሽ የሚከፍሉልሽ ይህንን እንድታውቂ ነው? እኔ ፉንዲ፣ የእጅ ባለሙያ ነኝ ልጄ። ዐሥር ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ የምቆርጥ።»

«ሲለኩ አይቻለሁ ጋሼ፤ ፀጉር ታህል አይስቱም። ግን የሚለኩት በእጅዎ ያለውን ጣውላ ብቻ ነው። ክምሩን በሙሉ አንድ ላይ ለክተውት ያውቃሉ?»

ሽማግሌው መጋዙን አስቀመጡ። ቅር ብሏቸው ወደ ክምሩ ዞሩ። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን፤ በእጃችን ለያዝነው ስንሳሳ ከእግራችን ሥር ያለውን እንረግጣለን።

ላለመሸነፍ ብለው ከክምሩ አንድ አጭር ጣውላ አንሥተው ላጉት፤ ከረጅሙም ላጉ። በጣታቸው አንኳኩ፣ አሸተቱ። ሁለቱም አንድ ዓይነት እንጨት ናቸው።

«ደግሞ ከአንድ ሳጥን የወጣ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። እርሳቸው እየለኩ ሲጠሩ ምርቃት በእርሳቸው ጠመኔ ጣውላውን ሁሉ በየርዝመቱ እዚያው ወለሉ ላይ ሣለችው፤ መቀመጫው ከረጅሙ፣ ከመቀመጫው የተረፈው ለመደገፊያ፣ እግሩ ከአጭሩ። ጋሽ ባንታየሁ ግን በቀላሉ አልተረቱም። ጫፉ በምስማር የተበሳ ነው፣ ይሰነጠቃል አሉ። ምርቃት አጠፋችና ከየጫፉ ስንዝር ቀንሳ እንደገና ሣለች። ይህኛው ጎባጣ ነው አሉ። አሁንም አጠፋች። በመጨረሻ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ለሁለት ወንበሮች መቀመጫ የሚሆን ረጅም ጣውላ ብቻ ጎደለ።

ምርቃት የጎደለውን በጠመኔ ከበበች። ጋሽ ባንታየሁ ሥዕሉን በጣታቸው እየተከተሉ አዩ።

«ቆይ እስቲ፤ ትንንሾቹ ልጆች ምን ረጅም ወንበር ያስፈልጋቸዋል?» አሉ። «ከእነዚህ መካከለኛ ጣውላዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚቀመጡበት አጠር ያለ ወንበር ብንሠራላቸውስ?»

«ጋሼ፣ እኛ ትምህርት ቤት ይህን የመሰለ መልስ ላመጣ ነው ኤ የሚሰጡት።»

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ሕፃናቱ ወንበሩን እየተሻሙ ተቀመጡ። አቶ ኑሬ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ሆነው ግራና ቀኝ ተወዛወዙ፤ ወንበሩ አልነቃነቅ ሲላቸው፣ «የገዛኸው የትኛው ነው? እውነቱን ንገረኝ» አሉ። ሁሉም ከራሳቸው ሳጥን የወጣ መሆኑን ሲሰሙ የሳህን ሳጥን የሞላበት ጓሯቸው ትዝ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጋሽ ባንታየሁ ክምሩን ሳያዩ መጋዝ አያነሡም። ለእርሳቸው የሚያጥረውን ጎረቤት ያለው በርጩማ ሠሪ ይወስደዋል፤ ሰጋቱራው ዶሮ አርቢዎች ዘንድ ይሄዳል፤ ለበቆሎ ጠባሿ የሚደርሳት የተሰነጠቀው ብቻ ነው። የሚቆረጠው ዛፍ ያንሳል፣ የሚጣለው ቆሻሻ ይቀንሳል፣ የባለሙያውም ድካም ፍሬ ያፈራል። ያለውን ነገር በሙሉ አይቶ የሚያቅድ ሰው፣ ሌላው የጣለው ይበቃዋልና።

አቶ ኑሬ አሁን ለሱቃቸው መደርደሪያ አዘዋል። ጋሽ ባንታየሁ ግን፣ የሚመጡት ሳጥኖች ርዝመት ስንት ነው ብለው ያዟቸው።

«ሰውዬ፣ ዕቃው እኮ ገና መርከብ ላይ ነው» አሉ አቶ ኑሬ።

«ደግ ነዋ፤ መርከቡ እስኪደርስ እናስብበታለን» አሉ ጋሽ ባንታየሁ፣ መደርደሪያውን እንዲሥሉበት ጠመኔ እያቀበሏቸው።