በሮቢት ሜዳ ስለተቀደደው የአውሮፕላን ክንፍ

የምስክሩ ስም፦ ገብረሚካኤል ወልደጻድቅ
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ቀወት ወረዳ፣ ሸዋ ሮቢት
ሥራ፦ ዘበኛ፤ ሚስቱ የሞተችበት
ቃሉ የተሰጠበት፦ ዓርብ ግንቦት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ወንጌል ነክቼ የምሰጠው ቃል ይህ ነው። ከከተማው በታች ሜዳው ላይ የቆሙትን ሁለት አሮጌ አውሮፕላኖች እጠብቃለሁ። ቀድሞ አንበጣ ይረጩ የነበሩ፣ ድርብ ክንፍ ያላቸው ናቸው፤ ክንፋቸው እንጨት ሆኖ ሸራ ለብሷል። አሮጌነታቸውን የወደደ ገዢ ይመጣል ተብሎ ነበር።

ቅዳሜ ግንቦት 5 ቀን አቧራ ስላለበሳቸው ላጥባቸው አሰብኩ። የጉድጓድ ውሃ እያለ፣ በሁለት ቆርቆሮ ከጠበሉ ቀድቼ አመጣሁ። ባለቤቴ ትርንጎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕመሟ ጊዜ የምትጠመቀው እዚያ ነበር። ለሸራ ጠበል ምን ይሠራል ቢሉኝ፣ ቆሞ የተተወ ነገር ሳይ የታመመ ይመስለኛል። ውሃው ለአንደኛው ብቻ በቃ። ሲደርቅ ክንፉ ላይ ነጭ ነገር ቀረ።

ሰኞ በስድስት ሰዓት ግድም፣ ሙቀቱ ሜዳውን እንደ ውሃ ሲያንቀጠቅጠው፣ ከግራሩ ጥላ ተቀምጬ ነበር። እንቅልፍ ይሁን ሰመመን አላውቅም፤ አውሮፕላኖቹ ሐይቅ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ክንፉን በእጇ ስታብስ አየሁ። የእጇ ድምፅ እሽ፣ እሽ ይል ነበር። እንዳትሄድብኝ ዓይኔን አልገለጥኩም። ስነቃ የታችኛው ክንፍ ተተልትሎ፣ ከብት አርቢው ሳልህ አሊዪ አራት ላሞቹን ከዚያ ሲነዳ አገኘሁ።

መካኒኩ ፀጋዬ ደርሶ የሳልህን ጩቤ ሲያይ፣ “በዚህ ነው የቀደድከው” አለው። ሳልህ፣ “ወላሂ ላሞቹ ናቸው የላሱት! ጋሼ ገብረሚካኤል፣ እርስዎ እዚህ አልነበሩም ወይ?” አለ። ፀጋዬም “ላም ሸራ ከበላች፣ ነገ ደግሞ አውሮፕላኑን ነድታ አዲስ አበባ ገባች በለን!” ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ነፋስ ነው አሉ፤ ዳሩ ግን ያን ቀን ቅጠል አልተነቃነቀም። እኔ ስጠየቅ “አላየሁም” አልኩ። ዘብ ላይ ተኛ መባልን ፈርቼ ነው። በዚሁ ሳልህ ታሰረ፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ትናንት ረፋድ ላይ ብቻዬን ሄጄ የተቀደደውን ጫፍ ምላሴን አስነካሁት። ጨው ነው። ያ ውሃ ከብት እንደ ሆራ፣ እንደ ጨው ውሃ የሚሮጥለት ዓይነት መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ጠበልነቱን ሳስብ ጨውነቱን ረሳሁት። ጠርዙ የታኘከ እንጂ በስለት የተቆረጠ አይደለም። ላም የማትደርስበት የላይኛው ክንፍ ደኅና ነው፤ ያልታጠበው አውሮፕላንም አልተነካም። የሰማሁት ድምፅ የላም ምላስ ነበር። ሕልሜ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሰው አሳሰርኩ።

ቃሌን የተቀበሉኝ አምሳ አለቃ ይልማ አንብበውልኝ ሲያበቁ፣ “አባባ፣ መተኛትዎን ልተወው? ከሥራ ያስወጣዎታል” ቢሉኝ፣ “እሱ ከቃሌ ከወጣ ሳልህ በምን ይፈታል? ይጻፍ” ብያለሁ።

ከላይ የተጻፈው የራሴ ቃል ነው። ከእውነት ያጎደልኩት ሰኞ ዕለት ነበር፤ ዛሬ አላጎደልኩም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገብረሚካኤል ወልደጻድቅ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ አምሳ አለቃ ይልማ