የሌለ መብራት

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ በማኅበር የእንጨት ሥራ ቤት ስንሠራ የመብራቱን መሄድና መምጣት ማን ይቆጥረዋል! አንድ ቀን ታላቃችን ጋሽ ሰይድ በር እየበሱ ሳለ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያው እንጨቱ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። የመሰርሰሪያውን ማብሪያ ሳያጠፉ መብሻ ብረቱን፣ ፑንታውን፣ በእጃቸው ጨብጠው ሊያላቅቁ ይታገላሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ» አልኳቸው። ስንት ጊዜ እንዳልኳቸው አላህ ይወቀው።

«ተወኝ ልጄ፣ የሌለ መብራት ይነክሳል እንዴ?»

መጨቃጨቁ ሰለቸኝና ሄጄ ራሴ ነቀልኩት። ገመዱን እንደያዝኩ ከራሳችን በላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ጋሽ ሰይድ አምፖሉን ሽቅብ አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ሰለል ብሎ፣

«ልጄ፣ ገመዱን እንዳትለቀው» አሉኝ። «እጄ አልፈታ ብሎኛል።»