ወደ ኋላ አምስት ማርሽ

«እንዴት ዋልክ ጎሚስታው? ሥራ እንዴት ነው? ፀሐዩስ... አይጣል ነው ዛሬ!»

ዕቃ ጫኙ ሰውዬ ይህን ያለው ጋራዡ በር ላይ ጎማ ለሚጠግነው ወዳጁ ነው። አጠገባቸው አሮጌዋ ፒካፑ በክሪክ ተነስታለች፤ ከሥሯ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የመካኒኩ ናቸው፤ የሰውዬውን ሴት ልጅ ለጋብቻ የጠየቀው የዚያ ጎበዝ። መልሱን የሚሰማው ዛሬ ነው። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ የጎሚስታው ጆሮ ደህና መሆኑን አጥቶት አይደለም።

«መቼም የሰው ደግ አላጣሁም። አንድ ሰው... ስሙ ምን ያደርግልሃል? "አባባ፣ ሞተሯ ደክሟል፤ የትልቅ መኪና ሞተር ልግጠምላት" አለኝ። በነፃ! እኔ አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ፣ "ሞተሩ ከበረታ የኋላ አክስሉም ይበርታ እንጂ!" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? አክስሉን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ። ሲበየድ ደግፌ የያዝኩት እኔ። የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሆነ በምን ዓይኔ ልይ? የእሱ ዓይን ግን ደህና ነው... ቆንጆ መርጦ የሚያይ ዓይን!

«ለካ ገልብጠን በይደነዋል። አክስል ሲገለበጥ ጎማው በተቃራኒው ይዞራል አሉ። ትናንት አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው፣ እሷዬ ወደ ኋላ! ሁለተኛ አስገባሁ፤ ባሰባት። ወደ ኋላ አምስት ማርሽ፣ ወደ ፊት አንዲት፤ እሷም ያቺው የድሮዋ የኋላ ማርሽ። ይህን ፋብሪካው ራሱ ችሎታል?

«በአንዲቷ ማርሽ ወደ ፊት ስጎተት፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ቀደመኝ። እልኸኛ አይደለሁ? አዞርኳትና የደንበኛዬን ቁም ሳጥን እንደ ጫንኩ በኋላዬ ነዳሁ። ሰዉ ቁም ሳጥን ብቻውን ሲመጣበት መንገዱን ለቀቀልኝ!

«ሚስቴ እስኪያማት ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም። "አባዬ፣ ማን ነበር ደግፎ የያዘው?" አለችኝ። ምን ልበላት?»

እግሮቹ ወደ ውስጥ ገባ አሉ። ሰውዬው አየና ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። ልጁ ይህን መካኒክ ትወደዋለች፤ እሱን እንቢ ማለት እሷን ማስለቀስ ነው። ቢሆንም ምላሱ አላረፈችም።

«ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን እጅ ሳያዩ ነው... ግን ጨዋ ነው፣ አይካድም። ሌላው ቢሆን አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር፤ እሱ ከጠዋት ጀምሮ የበየደውን ይቆርጣል። እኔስ በምን አፌ ልከልክል? ፈቅጃለሁ! ስታገኘው እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ። ይውለዱ፣ ይክበዱ። ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ እጁም የአባቱ እጅ የሆነ ወንድ ልጅ ይስጠው... አሜን በል እንጂ! ዕድሜም ይስጠው፤ ሲያረጅ የሌላ መካኒክ ደጅ ሳይጠና፣ መኪናውን ያው ልጁ ይሥራለት።»