በሳጅን ትሩአክስ መቃብር ድንጋይ ላይ ስለተቀረጸው ኮከብ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ሙሉ ስም፦ በርናዲን ሆኬት
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ የሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ
አድራሻ፦ ኦሃዮ፣ ኮልደር ክሪክ ከተማ፣ ሚል ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 118
ሃይማኖት፦ ዊካ (ምስክሯ «በጉልህ ይጻፍልኝ» ባሉት መሠረት)
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ረስል ኦበርሊን
ጉዳዩ፦ በከተማው መቃብር፣ በወታደሮች ረድፍ፣ በመንግሥት ንብረት ላይ ስለደረሰ ጉዳት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ጓደኛዬ ማርሊስ ትሩአክስ ባለፈው ሰኞ «ድንጋዩን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» ብላ የሰጠችው ቃል እውነት ስላልሆነ ነው። በዚያ ቃል ምክንያት ከትናንት ማክሰኞ ጀምሮ ከተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌርነቷ ታግዳለች። ከተፈረደባት ሥራው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ እሷም ያለዚያ ሥራ ምን እንደምትሆን እኔ አላውቅም።

በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጥርስ ሠርቻለሁ። ጎልማሳው ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ፣ ከፈገግታው ግማሹ የእኔ እጅ ሥራ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ዛሬም አልናገርም። ቃሌን የሚቀበሉት መኮንንም በዚህ ላይ ጥያቄ አላቀረቡም፤ እናታቸው ደንበኛዬ ናቸው።

ሟቹ ሳጅን ዌንደል ትሩአክስ የማርሊስ ባል ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቬትናም ዘምቶ በሄሊኮፕተር ላይ ሠርቷል፤ ከተመለሰ በኋላ እስከ ጡረታው የወተት መኪና ነድቷል። ለሃያ ሁለት ዓመት የእኛ ሃይማኖት፣ ማለትም ተፈጥሮን የሚያከብረው የዊካ፣ ተከታይ ነበር። እኛ በጠቅላላው ሰባት ነን፤ የምንሰበሰበው በማርሊስ የእህል ጎተራ ውስጥ ነው። ከሰባቱ አንዱ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ስለ እኛ ብዙ ይወራል። ዶሮ እንኳ አናርድም፤ ከመካከላችን ሦስቱ ሥጋም አይበሉም። ዌንደል ፌብሩዋሪ 2004 በሳንባ በሽታ ሲሞት እኔና ማርሊስ አልጋው አጠገብ ነበርን። የተናገረውም «ስሜን ጽፈው አናቱን ባዶ እንዳይተዉት» የሚል ነበር።

ባዶ ተዉት። ለቀድሞ ወታደር መንግሥት የመቃብር ድንጋይ ይሰጣል፤ ከስሙ በላይም የሃይማኖቱን ምልክት ይቀርጽለታል። የተፈቀዱት ምልክቶች ከሠላሳ በላይ ናቸው። እግዚአብሔር የለም ለሚሉት እንኳ ምልክት አላቸው። የእኛ፣ በክብ ውስጥ ያለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ማርሊስ ማርች 2004 አመለከተች። መልሱ «ጥያቄዎ በመመርመር ላይ ነው» የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሦስቱም መልሶች ከመጀመሪያው የሚለዩት በቀናቸው ብቻ ነው። አራቱንም ደብዳቤዎች በማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ወተት ባወጣን ቁጥር እናነባቸዋለን። በዌንደል ግራ የተቀበረው ሰው መስቀል አለው፣ በቀኙ ያለው የዳዊት ኮከብ አለው። ዌንደል መሃል ላይ ስሙን ብቻ ይዞ ተኝቷል።

የሙታን መታሰቢያ በዓላችን በኦክቶበር 31 ቀን ይውላል። ለዚህ ዓመት በዓል ማርሊስ ሳታውቅ ኮከቡን ልቀርጽለት ወሰንኩ። ዓርብ ኦክቶበር 27 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ሰዓቱን የመረጥኩት ማርሊስ ተማሪ ስለምታደርስ እንዳታየኝ ነው። የያዝኩት በባትሪ የሚሠራ የጥርስ መሞረጃ፣ አራት ባለ አልማዝ ጫፎች፣ ሰማያዊ የሰም እርሳስና ኮምፓስ ነበር። ድንጋዩ መሬት ላይ የተጋደመ እብነ በረድ ነው። ዳሌዬ ስለሚያመኝ መንበርከክ አልችልም፤ ከድንጋዩ በስተደቡብ በኩል አጭር መቀመጫ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የጣሳ ክዳን የሚያህል ክብ ሠርቼ ኮከቡን በውስጡ ነደፍኩ፣ ከዚያ ቀረጽኩ። ሁለት ባትሪ ጨርሻለሁ። 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሥራዬን ጨርሼ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ሄድኩ። የሠራሁት ሥራ ለዓይን ያምር ነበር፤ ይህንን ለመደበቅ ምክንያት የለኝም።

ኮምፓስ ለምን እንዳስፈለገኝ ተጠይቄ እንደሚከተለው መልሻለሁ። በጸሎት ጠረጴዛችን ላይ ኮከቡን ስናስቀምጥ የላይኛው ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ያደረግሁት ስለሆነ እጄ ሳይጠይቀኝ ነው የሚያደርገው። እኔም በኮምፓስ ለክቼ፣ ጫፉን አንዲት ዲግሪ ሳላዛንፍ ወደ ሰሜን አድርጌ ቀረጽኩት። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ያ ረድፍ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ የድንጋዮቹ ጽሑፍ የሚነበበው ከሰሜን በኩል ተቁሞ ነው። ስለዚህ ከደቡብ በኩል ለእኔ ቀጥ ብሎ የታየኝ ኮከብ፣ ስሙን ለማንበብ ለሚቆም ሰው ተዘቅዝቆ ይታያል። በሕዝቡ ዘንድ የተዘቀዘቀ ኮከብ የማን ምልክት ተደርጎ እንደሚወሰድ መኮንኑም እኔም እናውቃለን።

ቅዳሜ ጠዋት የመቃብሩ ጠባቂ ዴል ፌንስተርሜከር ባንዲራ ሲቀይር አይቶት ለዚህ ጣቢያ አመለከተ። እስከ እሑድ ቅዳሴ መውጫ ድረስ ወሬው በከተማው ሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት ደርሶ ነበር። ማርሊስ ከግሮሰሪው ሰምታ ደወለችልኝና እሑድ 6 ሰዓት ላይ አብረን ሄድን። ዴል ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱም ራሱ የባሕር ኃይል ወታደር የነበረ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው።

«ይኸው፣ እዩት! የሰይጣን ኮከብ በወታደር ራስ ላይ!» አለ።

«ዴል፣ ቀስ በል፤ የላይኛው ይወልቅብሃል» አልኩት። ይህን በማለቴ ስለ ጥርስ ከላይ ያልኩትን ማፍረሴን አውቃለሁ።

«ቀልዱን ተይው በርኒ። መስቀሉም ጨረቃውም እዚህ አለ፣ አንድም ቀን ክፉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የእናንተም ይምጣ ብዬ ለማርሊስ ሁለት ጊዜ ምስክር ሆኜ ፈርሜላታለሁ፣ ጠይቂያት። ይሄ ግን ቀንዱን ወደ ላይ አድርጎ! ማን ነው እንዲህ የጠላው?»

ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሳይ ክው አልኩ። ከሰሜን በኩል ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ማርሊስም አየችው። ከዚያ ዴልን «ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችው። ዴል «ከድንጋዩ ሥር ነዋ፤ እግሩ ወደ እኛ ነው» አላት። ድንጋዩን ዞራ በዌንደል ራስጌ በኩል ቆመችና «እንግዲያው ለእሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው» አለች። ዴል ባንዲራውን ነቅሎ እዚያው መልሶ ተከለው።

በመኪና ስንመለስ ማርሊስ «ጠርዙ አልሻከረም። ጥርስ የሚሠራ ሰው እጅ ይመስላል» አለችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ «ዝም በይ፣ እንዳትናገሪ» አለች። ሰኞ ምክትል ሸሪፍ ኦበርሊን ቤቷ ሄደው ገና ሳይቀመጡ «እኔ ነኝ» ብላቸዋለች። መኮንኑ ይህ እንደዚህ እንደነበር አረጋግጠውልኛል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄጄ «አንቺ ጅል፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ሚስቱ ነኝ። ሁለት ዓመት ተኩል የለመንኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ደግሞ አንቺ በዚህ ዳሌሽ እስር ቤት አግዳሚ ላይ ልትጋደሚ ነው? ማን ያነሳሻል፣ ክሬን?»

«አውቶቡሱስ?»

«ሌላ ሰው ይነዳዋል።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳችውን አውቶቡስ ሌላ ይነዳዋል ስትል ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። እኔም አየሁና ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ የማፍረው ለዚህ ነው፤ ተከራክሬ ተሸንፌ አይደለም፣ ስለተመቸኝ ነው።

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለበዓሉ ጎተራው ጋ ተሰበሰብን። በሥርዓታችን ታላቅ የሆነው ሰው በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ገቢ «ምን ይዘህ ትገባለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ገቢውም «ፍቅርና መተማመን» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ሳይል የሚገባ የለም። ታላቅ እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ጠይቄ አስገባሁ። መጨረሻ ላይ በር የቆመውን የሚጠይቀው ከሁሉ በኋላ የገባው ሰው ነው፤ ትናንት ያ ሰው ማርሊስ ነበረች። እሷ ራሷ መልሷን ሰጥታ ገባችና ዞር ብላ «አንቺስ በርኒ፣ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ?» አለችኝ። መልሱን ስንት መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ትናንት አልወጣልኝም። ከእኔ ጋር የነበረው እሷ ስለ እኔ የዋሸችው ውሸት ብቻ ነበር። «ግቡ፣ እኔ ውጭ እሆናለሁ» ብዬ በካፊያው ውስጥ ቆምኩ። የሙታኑን ስም ሲጠሩ በጣውላው ስንጥቅ ሰማሁ። የዌንደልን ስም የጠራችው ማርሊስ ናት። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ መጣሁ።

መሞረጃውን፣ ያለቁትን ጫፎች፣ የሰም እርሳሱንና ንድፉ ያለበትን ወረቀት በኤግዚቢትነት አስረክቤአለሁ። ጫፉ ከቅርጹ ስፋት ጋር ይስማማል፤ ይለካ። ዓርብ ከቀኑ 8፡20 እስከ 10፡10 ማርሊስ አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ በፊርማዋ የተሞላው የጉዞ ቅጽ በአውቶቡሶቹ ስምሪት ክፍል ይገኛል። ተባባሪ እንደነበረኝ ተጠይቄ፣ አልነበረኝም። ድንጋዩ የመንግሥት መሆኑን አውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አውቅ ነበር። መጸጸቴን ተጠይቄ፣ ስለ አቅጣጫው እጸጸታለሁ፣ ስለ ኮከቡ ግን አልጸጸትም ብያለሁ። ፍቄ ለማጥፋት ፈቃደኛ እንደሆንኩ ተጠይቄ፣ አይደለሁም። ድንጋዩን ለውጡ ከተባለ ዋጋውን ከቤቴ እከፍላለሁ፤ የሚመጣው አዲስ ድንጋይም አናቱ ባዶ ሆኖ ከመጣ እጄ አሁንም ደህና መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። መኮንኑ ይህ የመጨረሻው አረፍተ ነገር ባይጻፍ ይሻለኝ እንደነበር መክረውኛል፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ይህ ቃል ራሴን የሚያስከስሰኝ መሆኑ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝና ጠበቃ መጥራት እንደምችል ተነግሮኛል። ጠበቃው ይቆየኝ፣ አስቀድሞ ለስምሪት ክፍሉ ይደወልልኝ ብያለሁ። ነገ ጠዋት 12፡50 ላይ በኦክ ሂል መታጠፊያ ዘጠኝ ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ። ከሁሉም ትንሿ ልጅ፣ በሩ ሲከፈት የማታውቀው ፊት ካየች አትሳፈርም፤ ማርሊስ ይህን ለተተኪው ሾፌር በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች።

ከላይ የሰፈረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትና ያደረግሁት ይህ ብቻ ነው፤ ለማንም ብዬ አልጨመርኩም፣ ለራሴም ብዬ አላስቀረሁም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ በርናዲን ሆኬት

የመኮንኑ ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ «መጀመሪያ ስልኩ» በማለት ለመፈረም ስላልፈቀዱ፣ 4፡35 ላይ ለስምሪት ክፍሉ ደውያለሁ። የዓርብ ዕለት ቅጽ በወይዘሮ ማርሊስ ትሩአክስ ፊርማ መኖሩ ተነቦልኛል፤ እገዳው እንዲነሳም በቃል አሳውቄአለሁ። ቃል ሰጪዋ 4፡41 ላይ ፈርመዋል።

የተቀባይ ፊርማ፦ ምክትል ሸሪፍ ረስል ኦበርሊን