የትኛው ግንባር?

(በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ፤ ወሰንየለህ የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤትና የግቢው የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነው፣ እናትነሽ ደግሞ ትናንት ከግሩፑ የተባረረች ጎረቤቱ ናት።)

እናትነሽ፦ ማንን ነው የቀሰቀስኩት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ፣ ጋሽ ወሰን።

ወሰንየለህ፦ ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።

እናትነሽ፦ ይስማ! «እናትነሽ በጦርነት ቅስቀሳ ተባራለች» ብለው ለመላው ግቢ ሲለጥፉ ቀስ ብለዋል?

ወሰንየለህ፦ እኔ ምን አደረግሁ? ቦቱ ነው፣ ማሽኑ። የጦርነት ቃላት ሞልተንበታል። አንዷን ካየ ጽሑፉን ያጠፋል፣ ሰውየውንም ያባርራል። አድሚን ነው፣ ጎረቤት ነው ብሎ አይለይም። እኔም ብጽፍ ያው ነኝ።

እናትነሽ፦ የትኛዋን ቃል አየብኝ?

ወሰንየለህ፦ ግንባር የምትለዋን።

እናትነሽ፦ የልጄን ግንባር ነው እኮ ያልኩት! «የልጄን ግንባር በድንጋይ የፈነከተው ልጅ ወላጆች ያነጋግሩኝ» ነው ያልኩት። ይኸው ተሰፍቶ ቤት ተኝቷል።

ወሰንየለህ፦ እግዜር ይማረው። ግን ማሽን የትኛው ግንባር እንደሆነ በምን ይወቅ?

እናትነሽ፦ የኢንጂነር ፋንታሁንን አረምስ? «አረሙ ከነሥሩ ካልተነቀለ ሰላም የለም» ብሎ ጽፏል። እሱን ማን ነካው?

ወሰንየለህ፦ ስለ ጓሮው ይሆናላ።

እናትነሽ፦ አራተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነው የሚኖረው!

ወሰንየለህ፦ በረንዳው ላይ አበባ አለው።

እናትነሽ፦ ታዲያ ለበረንዳ አበባ ነው ቀይ ልብ የሰጡት? ስምዎ ከሥሩ አለ፣ አይቼዋለሁ።

ወሰንየለህ፦ ጣቴ ስቶ ነው። ደግሞስ ሰውየው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፣ ይቺን ቤት የሚያከራየኝ ኮሚቴው ነው። ምን አድርግ ትይኛለሽ?

እናትነሽ፦ ለሱ ልብ፣ ለኔ መባረር! እሺ አጠፋሁ እንበል፣ ምክር አይቀድምም? ስለ ቆሻሻው ስትሳደብ የከረመችውን ሴትዮ ስንቴ አስጠንቅቀዋታል?

ወሰንየለህ፦ ቆሻሻና ጦርነት አንድ ነው?

እናትነሽ፦ እንጀራዬን እኮ ነው የዘጉብኝ። ልጆቻቸውን እኔ ጋ የሚያውሉ እናቶች ዛሬ አንዷም አላመጣች። አንዷማ ደረጃው ላይ ስታየኝ ልጇን አቅፋ ወደ ላይ ተመለሰች። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ የምፈራው?

ወሰንየለህ፦ ጊዜው ነው፣ ሰው ሁሉ ደንግጧል። ለመሆኑ ያ ወንድምሽ የት ነው ያለው?

እናትነሽ፦ ወንድሜ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ወሰንየለህ፦ ከጠፋ ቆየ ብዬ ነው። ሰው ይጠይቃል።

እናትነሽ፦ ሰው ነው የሚጠይቀው ወይስ እርስዎ?

ወሰንየለህ፦ እንዲያው ነው ያልኩት።

እናትነሽ፦ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ስልኩ እንደተዘጋ ክረምቱ አለቀ። የት እንዳለ ባውቅ ይህን ጊዜ እዚህ ቆሜ ስለ ቴሌግራም እጨቃጨቅ ነበር?

ወሰንየለህ፦ እሺ በቃ፣ ድምፅ ሳናሰማ ልመልስሽ።

እናትነሽ፦ በአደባባይ አባረው በጓሮ በር ሊያስገቡኝ? አይሆንም። እዚያው የሰደቡኝ ቦታ ላይ ይጻፉልኝ። አሁን፣ እያየሁ።

ወሰንየለህ፦ አቤት ችክ ስትዪ! ይኸው፦ «እናትነሽ ያለችው የልጇን ግንባር ነው። ስሕተት ነበር፣ ይቅርታ።» ላክሁት። ደስ አለሽ?

እናትነሽ፦ እስቲ ያሳዩኝ። የታለ?

ወሰንየለህ፦ አሁን እዚህ ነበር... አጠፋው! አየሽ? ግንባር የምትለዋን ሲያይ የኔንም ጠረገው። ማሽን ነው አላልኩሽም? አሁንስ አመንሽ?

እናትነሽ፦ ጽሑፍዎን አጠፋው። እርስዎንስ አባረረዎት?

ወሰንየለህ፦ እኔን? ቆይ... አይ፣ እኔማ አለሁ።

እናትነሽ፦ እኔን ታዲያ ማን ነው ያባረረኝ፣ ጋሽ ወሰን?