ስለ መቆም የተደረገ ሙግት

የመምህር እውነቱን አስከሬን የጫነው መኪና በካኮ ከተማ በኩል ወደ ትውልድ አገሩ ሊሄድ ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ፣ መምህር ፍሥሐ ባርኔጣቸውን አውልቀው መኪናው ያስነሣው አቧራ እስኪሰክን ቆሙ። ሁለቱ በዩኒቨርሲቲው በአንድ ቢሮ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ዓመታት አሳልፈዋል። እውነቱ ካልተጠራ ከወንበሩ የማይነሣ ሰው ነበር። በመጨረሻ እግሩ ሲያብጥ «ያልፋል» እያለ ሰነበተ፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ትንፋሹን ነጠቀው።

ሰዉ ሲበተን ፍሥሐ የተሳፈሩበት ባጃጅ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ መምህርቷን ፀዳለን ተቀምጣ አገኟት።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ ጋሽ ፍሥሐ።»

«አሜን፣ ልጄ። ሐኪሙ መቀመጥ አብዝቶ ነበር ይላል። መምህር ሳይቀመጥ ምን ሊሠራ ኖሯል?»

«ለሞቱ ምክንያቱ መቀመጥ ብቻ ነው አልልም። ግን ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ላይ ያነሣሁትን ያስታውሳሉ? ተማሪው በክፍለ ጊዜው መካከል ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ይንቀሳቀስ ያልኩትን?»

የፍሥሐ ፊት ጠቆረ። ያን ዕለት ሐሳቧን በቀልድ ያስጣሉት እሳቸው ነበሩ።

«በሬሳ ላይ ሙግት ትጀምሪያለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ሙግቱን የጀመርኩት እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነበር።»

ፍሥሐ ከባጃጁ ወርደው ወደ ግቢው ሲያመሩ ቱግ አሉ፦ «ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው! የመዋዕለ ሕፃናት ጨዋታ ልናመጣበት ነው? ተማሪ አንዴ ከተነሣ ማን ይመልሰዋል? ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱማ አሁንም እየባከነ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሰዓት ያለፈው ተማሪ እጁ ይጽፋል እንጂ ጆሮው አይሰማም። እርስዎ ተናገሩ ማለት እሱ ተማረ ማለት ነው?»

«መቆም የማይችለውስ? ተማሪዬ አስካለ በክራንች ነው የምትሄደው።»

«ተቀምጣ ክንዷን ትዘርጋ፣ ትከሻዋን ታንቀሳቅስ። ለሁሉም በአቅሙ ነው። ነገ ይሞክሩትና ካልረባ ይተዉት።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፍሥሐ ጥቁር ሰሌዳውን በስሌት ሞልተው ዞሩና ጥያቄ ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጡ ነበር። ዛሬ ግን የተማሪዎቻቸውን ፊት አዩ፤ የደከመ፣ የፈዘዘ ፊት። በቢሯቸው ሲመሽ በእውነቱ ላይ ያዩት የነበረው ፊት ነበር።

«ሁላችሁም ተነሡ» አሉ።

ወንበሮች ተንኳኩ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ከፊት የነበረው ኤርሳዶ፣ «ቲቸር፣ ምን አጥፍተን ነው?» አለ።

«ምንም አላጠፋችሁም» አሉ ፍሥሐ። «እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ባላችሁበት እርገጡ። አስካለ፣ አንቺ ተቀምጠሽ ትከሻሽን አዙሪ።» እሳቸውም አብረው ረገጡ፤ ጉልበታቸው ቀጭ አለ። አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ሲቀመጡ ጥያቄውን ደገሙት። አስካለ መለሰች፤ ኤርሳዶ አይደለም ብሎ ተሟገታት። ክፍሉ ነቃ።

ፍሥሐ ከክፍል ወጥተው በቀጥታ ወደ ፀዳለ ቢሮ ሄዱ።

«ረታሽኝ» አሏት። «በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን አብሬሽ አቀርባለሁ።»

«እሰይ! ደማቸው ይዘዋወራል፣ ወገባቸው ያርፋል፣ ልባቸው ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው ብዙ። ለመምህሩም ጤና ነው።»

ፍሥሐ ግን ደስታዋን አልተጋሩም። ወንበር ስትስብላቸው በእጃቸው መለሷት።

«ተነሡ ብላቸው ቅጣት መሰላቸው፣ ፀዳለ» አሉ። «በዚህ ሁሉ ዓመት መነሣት ቅጣት አለመሆኑን እኛው ተምረን ብናስተምራቸው ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ እውነቱም አንድ ቀን ሳይጠራ ራሱ በተነሣ ነበር።»